የጫት ፎቶና የወደብ ሥራ፦ ቀጣሪዎች የአመልካችን ፌስቡክ እንዴት ያነባሉ?

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ከቀትር በኋላ ጫት መቃም ወንጀልም ነውርም አይደለም። ቅጠሉ ከኢትዮጵያ በየቀኑ ይገባል፤ ሰውም ሙቀቱ ሲበረታ ማብራዝ በሚባለው መቃሚያ ቤት ተሰብስቦ ስለ ገበያው፣ ስለ መርከቡ፣ ስለ ሠርጉ ያወጋል። ከእንዲህ ያለ በርጫ የተነሳ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ቢወጣ የሠፈር ሰው "እንኳን ተገናኛችሁ" ብሎ ያልፈዋል። ይኸው ፎቶ ለንደን ወይም ፓሪስ የተቀመጠ የቅጥር ኃላፊ ዘንድ ሲደርስ ግን ሌላ ትርጉም ሊይዝ ይችላል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ጫትን በሕግ ከልክላለች፤ በፈረንሳይና በአሜሪካም ክልክል ነው። ባለፎቶው ያጠፋው ነገር የለም፤ አንባቢው ግን ፎቶውን የሚመዝነው በራሱ አገር ሕግና ልማድ ነው።

ይህ ጉዳይ ከሌላው ከተማ ይልቅ ጅቡቲ ላይ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ከኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ወደቦች ያልፋል። በዚያ ዙሪያ የመርከብ ወኪሎች፣ ትራንዚተሮች፣ መጋዘኖችና የጭነት ድርጅቶች ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ተመረቀ፤ በ2018 መጀመሪያ ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚነሳው 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የኤሌክትሪክ ባቡር መደበኛ የንግድ አገልግሎት ጀመረ። የኢጋድ ዋና መሥሪያ ቤት እዚህ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና ኤምባሲዎችም አሉ። የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና ጦር ሠፈሮች በአንዲት አነስተኛ አገር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ምግብ አብሳይ፣ ሾፌር፣ አስተርጓሚና የጥገና ሠራተኛ ይፈልጋሉ። ስለዚህ አንድ አመልካች ሲቪውን ዛሬ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪ፣ ነገ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ፣ ከነገ ወዲያ ለቻይናዊ ኃላፊ ሊልክ ይችላል። የፌስቡክ ገጹ ግን አንድ ነው፤ ለሁሉም በአንድ መልክ ይታያል።

ቀጣሪዎች ከሲቪውና ከቃለ መጠይቁ አልፈው አመልካቹ በኢንተርኔት ላይ የተወውን ዱካ የሚያዩበት አሠራር በዓለም ዙሪያ የተለመደ ሆኗል። ካሪየርቢልደር የተባለው የአሜሪካ የቅጥር አገልግሎት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሠራው የሕዝብ አስተያየት ጥናት፣ ከተጠየቁት ቀጣሪዎች 70 በመቶዎቹ አመልካቾችን በማኅበራዊ ሚዲያ እንደሚመረምሩ ተናግረዋል። ከመረመሩት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባዩት ነገር የተነሳ ያልቀጠሩት ሰው እንዳለ ገልጸዋል። በሌላ በኩል ግማሽ ያህሉ ቀጣሪዎች አመልካቹን ኢንተርኔት ላይ ፈጽሞ ካጡት ለቃለ መጠይቅ የመጥራት ፍላጎታቸው እንደሚቀንስ መናገራቸው ትኩረት የሚስብ ነው። ጥናቱ የአሜሪካ ነው፤ ያሠራውም በቅጥር ሥራ የሚተዳደር ኩባንያ ስለሆነ ቁጥሩን በዚያ ልክ መያዝ ይገባል። አቅጣጫውን ግን ያሳያል፦ ገጽ መኖሩም አለመኖሩም ይነበባል።

ከዋስ ወደ ስክሪን

በእኛ ዘንድ ሰውን ሳያጣሩ መቅጠር ድሮም አልነበረም። ገንዘብ ያዥ የሚፈልግ ነጋዴ ዋስ ይጠይቃል። ንብረት የሚያስረክብ መሥሪያ ቤት ተያዥ አምጣ ይላል። ሞግዚት የምትፈልግ እናት ልጅቷን ያመጣችውን ደላላ ብቻ አታምንም፤ ከዚህ በፊት የሠራችበትን ቤት ታስጠይቃለች። ጅቡቲም በዚህ አትለይም፤ ሰው ሰውን በሚያውቅባት ከተማ "የማን ልጅ ነው? የት ሠርቷል?" ማለት ከሁሉም የቀደመ ማጣሪያ ነው።

በዋስና በስክሪን መካከል ግን ሦስት ልዩነቶች አሉ። ዋሱ ስም ያለው ሰው ነው፤ የተናገረው ስህተት ሆኖ ቢገኝ ይጠየቅበታል። ዋሱ የሚናገረው ለሥራው ስለሚያስፈልገው ነገር ነው፤ ስለ ታማኝነት ተጠይቆ ስለ ጸሎት ቤት ወይም ስለ ፖለቲካ አይመልስም። ከሁሉም በላይ አመልካቹ ዋስ መጠራቱን ያውቃል፤ ክፉ ወሬ ከተነሳበት መልስ የመስጠት ዕድል አለው። በፌስቡክ ምርመራ ሦስቱም ይጠፋሉ። ኮሜንቱን ማን እንደጻፈው በእርግጥ አይታወቅም፤ ከሥራው ጋር የማይገናኘው ሁሉ ተግበስብሶ ይታያል፤ አመልካቹም ምርመራው መካሄዱን እንኳ አይሰማም። "ማመልከቻዎ ተቀባይነት አላገኘም" የሚል አጭር መልእክት ይደርሰዋል፤ ብዙ ጊዜ እሱም አይደርሰውም።

የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው። ማጣራት በራሱ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ከሥራው ጋር የማይያያዝ ነገር ተነብቦ፣ ባለቤቱ ሳይጠየቅ፣ ውሳኔ ሲሆን ነው።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

ብዙ ሰው ምርመራ ሲባል በኮምፒውተር የሠለጠነ ሰላይ ይታየዋል። በተግባር ግን የቢሮ ሠራተኛ በአሥር ደቂቃ የሚጨርሰው ሥራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው ሲቪዎች ከተለዩ በኋላ፣ ከቃለ መጠይቁ በፊት ወይም ሥራው ሊሰጥ ሲቃረብ ነው።

መጀመሪያ ስሙ ጉግል ላይ ይገባል፤ ብቻውን፣ ቀጥሎም ከከተማው ወይም ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ስም ጋር። ከዚያ ሊንክድኢን ይከፈታል። እዚያ የሚፈለገው ሲቪው ላይ የተጻፈው የሥራ ዘመንና የሥራ መደብ ገጹ ላይ ካለው ጋር መግጠሙ ነው። በሲቪው ሦስት ዓመት የሠራ ሰው በሊንክድኢን አንድ ዓመት ብቻ ከታየ ጥያቄ ይነሳል። ቀጥሎ ስልክ ቁጥሩ ይመዘገብና ዋትስአፕና ቴሌግራም ይታያሉ። ባለቤቱ ቅንብሩን ካልቀየረ የመገለጫ ፎቶው ለማያውቀውም ሰው ሊታይ ይችላል። ፌስቡክ ቀድሞ ሰውን በስልክ ቁጥር መፈለግ ይፈቅድ ነበር፤ የተጠቃሚዎች መረጃ ያለፈቃዳቸው የተወሰደበት የካምብሪጅ አናሊቲካ ቅሌት ከፈነዳ በኋላ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ይህን በር ዘግቶታል። በስም መፈለግ ግን አሁንም ይቻላል፤ የሚገኘውም ባለቤቱ የለጠፈው ብቻ አይደለም። ሌሎች ታግ ያደረጉት ፎቶ፣ በይፋዊ ግሩፕ ውስጥ የጻፈው ኮሜንት፣ የወደዳቸው ገጾች ይታያሉ።

በአሜሪካ ይህን ሥራ በክፍያ የሚሠሩ ኩባንያዎችም አሉ። የአገሪቱ የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2011 አንዱን ከመረመረ በኋላ እንዲህ ያሉ ኩባንያዎች የብድር ታሪክ አጣሪዎች የሚገዙበት ሕግ እንደሚመለከታቸው አስታውቋል። ሕጉ አመልካቹ አስቀድሞ እንዲፈቅድ፣ በሪፖርቱ ምክንያት ሊጣል ሲል እንዲነገረውና የተሳሳተውን የማረም መብት እንዲኖረው ያስገድዳል። ልብ ማለት የሚገባው ግን ይህ ጥበቃ የሚሠራው ምርመራው ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ በሆነ ኩባንያ ሲካሄድ መሆኑን ነው። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ በራሷ ስልክ ገጹን ብትከፍት ሕጉ አያገኛትም።

በትንሽ ከተማ ውስጥ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፦ የጋራ ጓደኛ። ገጹ ለሕዝብ ዝግ ቢሆንም ከአምስት መቶ "ጓደኞች" አንዱ በዚያው መሥሪያ ቤት ይሠራ ይሆናል። የተዘጋ ገጽ በአንድ ስክሪንሾት ይከፈታል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚለው አባባል ለጣትም ይሠራል።

ለሥራው የሚያስፈልገውና የማያስፈልገው

ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አንደኛው ከላይ ያነሳነው የበርጫ ፎቶ ነው። ሁለተኛው አንድ የጭነት ተቆጣጣሪ በተከለለ የወደብ ግቢ ውስጥ፣ ከኋላው ኮንቴይነሮችና መርከቡ በግልጽ እየታዩ የተነሳው ሰልፊ ነው።

ለጅቡቲ የወደብ ቀጣሪ ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስባል። ዓለም አቀፍ መርከቦችን የሚያስተናግዱ ወደቦች እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2004 ጀምሮ በዓለም አቀፍ የመርከብና የወደብ ደኅንነት ደንብ ይመራሉ፤ ማን የት እንደሚገባ ይቆጣጠራሉ። በጅቡቲ ወደብን፣ አውሮፕላን ማረፊያንና ወታደራዊ ተቋምን ያለፈቃድ ፎቶ ማንሳት የተከለከለ ነው። ከቀድሞ ሥራው ግቢ እንዲህ ያለ ፎቶ የለጠፈ ሰው አዲሱ ግቢ ውስጥም ይደግመው እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። የደንበኛን የጭነት ሰነድ የለጠፈ ትራንዚተር፣ የበሽተኛን ፊት ያሳየች ነርስ፣ የተማሪዎቹን ውጤት እያነሳ የሚቀልድ መምህር፣ በአንድ ወገን ላይ ጥቃት እንዲፈጸም የሚቀሰቅስ የጥበቃ ሠራተኛ ሁሉም ከሥራቸው ጋር በቀጥታ የሚያያዝ ነገር አሳይተዋል።

በርጫው ግን ምን ይላል? ሰውየው በዕረፍት ሰዓቱ፣ በአገሩ ሕግ በተፈቀደ ነገር፣ ከወዳጆቹ ጋር ተቀምጧል። በሥራ ሰዓት ሰክሮ ወይም ደንዝዞ ከተገኘ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱም የሚታወቀው በሥራ ላይ ነው፣ በፎቶ አይደለም። የክሬን ኦፕሬተር የሚቀጥር ድርጅት ስለ አደንዛዥ ነገር ጥብቅ ደንብ ካለው ደንቡን ማስታወቂያው ላይ ይጻፍ፤ ምርመራ ካስፈለገም በሕክምና፣ ለሁሉም እኩል ያድርግ። በፎቶ መፍረድ የሚጥለው የሚቅመውን ሁሉ አይደለም፤ እየቃመ ፎቶ የተነሳውን ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ደግሞ ቀጣሪው ሊያየው የማይገባው፣ ነገር ግን ገጹን በከፈተ ቅጽበት ዓይኑ ላይ የሚወድቅ ነገር አለ። የጽሑፉ ቋንቋ ሶማሊኛ ነው ወይስ አፋርኛ? አረብኛ ነው ወይስ አማርኛ? የመገለጫ ፎቶው ላይ መስቀል አለ ወይስ ሂጃብ? ነፍሰ ጡር ነች? ልጆች አሏት? የማን ደጋፊ ነው? ቃለ መጠይቅ ላይ ቢጠየቁ የሚያሳፍሩ ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ሳይጠየቁ ተመልሰው ይገኛሉ። ያየውን ነገር ከአእምሮው ማውጣት የሚችል ሰው ደግሞ የለም።

ጥናቶች ምን አሳዩ?

የቅጥር ኃላፊዎች ብዙ ጊዜ "ገጹን ሳይ ሰውየውን አውቀዋለሁ" ይላሉ። ቻድ ቫን ኢዴኪንጅና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ይህን እምነት ፈትነውታል። ሥራ ይፈልጉ የነበሩ 416 የአሜሪካ የኮሌጅ ተማሪዎችን የፌስቡክ ገጽ ለእውነተኛ ቀጣሪዎች ሰጥተው ነጥብ እንዲሰጧቸው አደረጉ። ከዚያ ተማሪዎቹ ሥራ ከያዙ በኋላ አለቆቻቸው ስለ ሥራቸው የሰጡትን ግምገማ ሰበሰቡ። ሁለቱ አልተገናኙም፤ ከገጹ የተሰጠው ነጥብ ማን በሥራው እንደሚጎብዝም፣ ማን ቶሎ እንደሚለቅም አልተነበየም። በዚያ ላይ ነጥቡ ለሴቶችና ለነጮች አዳላ። ማለትም ምርመራው የፈለገውን አላገኘም፤ ያልተፈለገውን ግን አስገብቷል።

ከዚህ በተቃራኒ የሚጠቀስ ጥናትም አለ። ዶናልድ ክለምፐርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት ሠልጥነው የገቡ ገምጋሚዎች ገጾችን ለጥቂት ደቂቃ አይተው፣ አስቀድሞ በተዘጋጀ መጠይቅ ስለ ባለገጹ ጠባይ ነጥብ ሰጡ፤ ነጥቡም በኋላ ከታየው የሥራ ብቃት ጋር በመጠኑ ተዛመደ። በሥራ ላይ የተከታተሏቸው ሰዎች ጥቂት ስለነበሩ ብዙ ማጋነን አይገባም። የሚሰጠው ትምህርት ግን ጠቃሚ ነው፦ ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ያልወሰነ ሰው ከገጽ ላይ የሚያገኘው የራሱን ግምት ነው።

ለጅቡቲ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው የፈረንሳዩ ሙከራ ነው። ማቲው ማናን፣ ሰርዥ ፓጃክና ኒኮላ ሱሊዬ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2013 በፓሪስና አካባቢዋ ለወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ማስታወቂያዎች ከ800 በላይ ማመልከቻ ላኩ። አመልካቾቹ በፈጠራ የተዘጋጁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ችሎታቸውና ሲቪያቸው እኩል ነው። ልዩነቱ ፌስቡክ ላይ ብቻ ነበር። አንደኛው ብሪቭ በተባለች የፈረንሳይ ከተማ ተወልዶ ጣሊያንኛ ይናገራል፤ ሌላው ማራኬሽ ተወልዶ አረብኛ ይናገራል። ማራኬሽ የተወለደው በግልጽ ያነሰ የቃለ መጠይቅ ጥሪ ደረሰው። ሲቪዎቹ እኩል ስለሆኑ ቀጣሪዎቹ ፌስቡኩን አይተው እንደወሰኑ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሙከራው እየተካሄደ ሳለ አንድ ያልታሰበ ነገር ሆነ፦ ፌስቡክ የገጾቹን አቀማመጥ ለወጠ። የሚናገሩት ቋንቋ ፊት ለፊት መታየቱ ቀርቶ ተጨማሪ ሲጫኑ የሚገኝ ሆነ። ከዚያ በኋላ በሁለቱ አመልካቾች መካከል የነበረው ጉልህ ልዩነት ጠፋ። ካሊፎርኒያ የተቀመጡ መሐንዲሶች ስለ ገጽ ውበት የወሰኑት ውሳኔ ፓሪስ ውስጥ ማን ለቃለ መጠይቅ እንደሚጠራ ቀየረ። ቀጣሪዎቹ በአንድ ሌሊት ደግ አልሆኑም፤ ለመድልዎ የሚጋብዛቸው ነገር አንድ እርምጃ ራቀ እንጂ።

በአሜሪካ አሌሳንድሮ አኩዊስቲና ክርስቲና ፎንግ ከ4,000 በላይ ለሆኑ ቀጣሪዎች ማመልከቻ ልከው ተመሳሳይ ነገር ሞክረዋል። ከገጹ ላይ ሙስሊም ወይም ክርስቲያን መሆኑ የሚታወቅ አመልካች በአገር አቀፍ ደረጃ ጉልህ ልዩነት አልገጠመውም፤ ወግ አጥባቂ መራጮች በሚበዙባቸው አካባቢዎች ግን ሙስሊሙ ያነሰ ጥሪ አገኘ። ያው ገጽ አንዱ ዘንድ ምንም አይደለም፤ ሌላው ዘንድ ሥራ ያሳጣል።

ስሙ ያንተ፣ ገጹ የሌላ

በጅቡቲና በኢትዮጵያ ሁኔታ አንድ ተጨማሪ አደጋ አለ፤ ሰው በሰው ይሳሳታል። የእኛ ስም አጠራር የቤተሰብ ስም የለውም። የሶማሌና የአፋር ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል፤ ኢትዮጵያዊውም እንዲሁ። መሐመድ፣ አሕመድ፣ ዓሊና ሐሰን እየተፈራረቁ በሚገቡባት ከተማ አንድ ዓይነት ሦስት ስም ያላቸው ብዙ ሰዎች መኖራቸው አያስገርምም። አዲስ አበባ ላይ አበበ ከበደን ፈልጎ አንዱን ብቻ ማግኘት ማን ይችላል?

በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ጅቡቲያዊው ስሙን በፈረንሳይኛ አጻጻፍ ያስመዘግባል፤ ሐርጌሳ ያለው የአጎቱ ልጅ ያንኑ ስም በሌላ አጻጻፍ ይጽፈዋል። ጸጋዬ የተባለ ሰው በፓስፖርቱ አንድ ዓይነት፣ በዲግሪው ሌላ ዓይነት፣ በፌስቡኩ ሦስተኛ ዓይነት አጻጻፍ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ፍለጋው ትክክለኛውን ሰው ስቶ ሌላውን ያመጣል። በሌላ ሰው ስም የሚከፈት የሐሰት ገጽ ሲጨመርበት፣ ፎቶውና ስሙ ያንተ ሆኖ ስድቡ የሌላ የሆነ ገጽ ፊት ትቀርባለህ። ይህን ስህተት የሚያርመው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አመልካቹን መጠየቅ።

ሕጉ የት ድረስ ይሄዳል?

ሥረ መሠረቱ የዓለም የሥራ ድርጅት በሥራና በሙያ ላይ የሚደረግ አድልዎን የሚከለክለው የ1958ቱ ስምምነት ቁጥር 111 ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1966፣ ጅቡቲ በ2005 ተቀብለውታል። ዘርን፣ ቀለምን፣ ፆታን፣ ሃይማኖትን፣ የፖለቲካ አመለካከትንና የትውልድ ሁኔታን መሠረት ያደረገ መለየትን ይነቅፋል። የጅቡቲ የሥራ ሕግ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2006 የወጣ ሲሆን አድልዎን ይከለክላል። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም እንዲሁ በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖትና በፖለቲካ አመለካከት ምክንያት አድልዎ ማድረግን ለአሠሪ ክልክል አድርጎታል።

እነዚህ ሕጎች ውሳኔውን ይነካሉ፤ ማየቱን ግን አይነኩም። ከዚህ ወደፊት የሄደችው ፈረንሳይ ነች። የሥራ ሕጓ ከአመልካች የሚጠየቅ መረጃ ከሥራው ጋር ቀጥተኛና አስፈላጊ ግንኙነት ሊኖረው ይገባል ይላል፤ አመልካቹ ሳያውቅ በተዘረጋ ዘዴ ስለ እሱ መረጃ መሰብሰብንም ይከለክላል። የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣናት እ.ኤ.አ. በ2017 በሰጡት የጋራ አስተያየት ደግሞ፣ ገጽ ለሕዝብ ክፍት መሆኑ ብቻ ቀጣሪ እንደ ፈለገ እንዲጠቀምበት ፈቃድ አይሰጠውም ብለዋል። ለሥራ የተከፈተን ገጽ ለግል ኑሮ ከተከፈተው ለይቶ ማየትና አመልካቹን ማሳወቅ ይገባል ነው የሚሉት።

ኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። አዋጁ የሰውን ብሔር፣ ሃይማኖት፣ የጤና ሁኔታና የፖለቲካ አመለካከት የሚያሳይ መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሻው ወገን መድቦታል። እንዲህ ያለውን መረጃ ከአመልካቾች ገጽ ላይ እየለቀመ ፋይል ውስጥ የሚያኖር መሥሪያ ቤት ራሱን ምን መብት እንዳለው መጠየቅ አለበት።

አንድ ድንበር ግን በየትም አገር ሊታለፍ አይገባም፤ የይለፍ ቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት የማረሚያ ቤት ሠራተኛ የነበረ ሰው ወደ ሥራው ሊመለስ ሲጠይቅ የፌስቡክ ይለፍ ቃሉን እንዲሰጥ ተጠየቀ። ነገሩ ቁጣ ቀሰቀሰ፤ ሜሪላንድም በ2012 ይህን በሕግ በመከልከል የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች፤ ሌሎችም ብዙዎች ተከተሏት። ይለፍ ቃል የሰጠ ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የጻፉለትን ሰዎች ምስጢር ሁሉ አሳልፎ ይሰጣል።

ቀጣሪው ምን ያድርግ?

አምስት ሠራተኛ ያለው የትራንዚት ቢሮም ቢሆን በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ደንብ ማውጣት ይችላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ለሥራው የሚያስፈልገው ነገር ይጻፍ፦ የሰነድ ምስጢር መጠበቅ፣ የሥራ ልምዱ እውነት መሆን፣ ጥቃት የሚቀሰቅስ ንግግር አለመኖር። ከዚያ ውጭ ያለው አይታይም። ምርመራው ከቃለ መጠይቅ በኋላ ይሁን፤ ሰውየው መጀመሪያ በችሎታው ይመዘናል። ገጹን የሚያየው ሰው ውሳኔ ሰጪው ባይሆን ይመረጣል፤ ያየውን ሁሉ ሳይሆን ዝርዝሩ ላይ ያለውን ብቻ ለኃላፊው ያቅርብ። አንዱን አመልካች አይቶ ሌላውን መተው አድልዎ ነው፤ ወይ ለመጨረሻ ዙር የደረሱት ሁሉ ይታያሉ፣ ወይ ማንም አይታይም። በሐሰት ስም የጓደኝነት ጥያቄ መላክ ማታለል ነው። የሚያሳስብ ነገር ከተገኘ ደግሞ አመልካቹ ይጠራና "ይህ ገጽ የእርስዎ ነው? ምን ይላሉ?" ይባላል። ይህ የመጨረሻው ምንም ወጪ የለውም፤ በስም መመሳሰል የሚመጣውን ስህተት አብዛኛውን የሚያስቀረውም እሱ ነው።

አመልካቹስ?

ማመልከቻ ከማስገባትዎ በፊት ስምዎን ራስዎ ይፈልጉ። ከራስዎ ፌስቡክና ጉግል አካውንት ይውጡ፣ ወይም የሌላ ሰው ስልክ ይዋሱ፤ እንግዳ ሰው የሚያየውን ማየት የሚችሉት እንዲያ ነው። ስምዎን በሚታወቁባቸው አጻጻፎች ሁሉ ይሞክሩ። በስምዎ የተከፈተ የሐሰት ገጽ ካገኙ ለማኅበራዊ ሚዲያው ድርጅት ሪፖርት ያድርጉና ማስረጃውን ያስቀምጡ።

ሲቪዎ፣ ሊንክድኢንዎና ዲግሪዎ ላይ ያለው ስም አንድ ዓይነት ይሁን፤ የሥራ ዘመኑም ይግጠም። ፌስቡክ የቆዩ ልጥፎችን በአንድ ጊዜ ለጓደኛ ብቻ የሚያደርግ ቅንብር አለው፤ ሌሎች ታግ የሚያደርጉትን ገጽዎ ላይ ከመውጣቱ በፊት የሚያዩበትም አለው። ዋትስአፕ ላይ ፎቶዎ ስልክዎ ውስጥ ለተመዘገቡ ሰዎች ብቻ እንዲታይ፣ ቴሌግራም ላይም ቁጥርዎ እንዳይታይ ማድረግ ይቻላል። ይህ ሁሉ ጓደኛ ከሚልከው ስክሪንሾት አያድንም፤ ከእንግዳ ዓይን ግን ይጠብቃል።

ሁሉን አጥፍቶ መሰወር ግን አይመከርም። ጭነት በማስተላለፍ የሠሩ፣ የጉምሩክ ሥልጠና የወሰዱ፣ ፈረንሳይኛና አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ከሆነ ያንን የሚያሳይ ገጽ ይኑርዎት። ሦስትና አራት ቋንቋ መናገር ወደብ ከተማ ውስጥ ሀብት ነው፤ ከሲቪው ይልቅ በራስዎ አጭር ጽሑፍ ይበልጥ ይታያል።

ቀጣሪውንም ይመርምሩ። በፌስቡክና በቴሌግራም ከሚዞሩት ማስታወቂያዎች መካከል አጭበርባሪዎች የሚለጥፉት አለ። ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ፣ ቃለ መጠይቅ ሳይኖር የፓስፖርት ኮፒ የሚፈልግ፣ አድራሻው ስልክ ቁጥር ብቻ የሆነ "ድርጅት" ሥራ አይሰጥም። ማስታወቂያውን ከድርጅቱ ከራሱ ቢሮ ማረጋገጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ቃለ መጠይቁ ሲያበቃ "ጥያቄ አለዎት?" መባልዎ አይቀርም። ብዙ ሰው ስለ ደመወዝ ጠይቆ ይወጣል። "ስለ አመልካቾች ከቃለ መጠይቅ ውጭ የምታጣሩት ነገር አለ? አጠራጣሪ ነገር ብታገኙ ታሳውቁናላችሁ?" ብሎ በትሕትና መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ጥሩ ቀጣሪ መልስ አለው። መልስ የሌለው ቀጣሪም ጥያቄውን ከሰማ በኋላ ቀጣዩን አመልካች ሳይጠይቅ ለመጣል ሁለት ጊዜ ማሰቡ አይቀርም።